የዳገት ካም

አንዲት ቀይ መኪና ጋራዡ በር ላይ ስትቆም መካኒኩ ዋልልኝ ገና ሲያያት ደስ አላለችውም። መስታወቷ ሁሉ ጥቁር ነው። የወረደው ወጣት «ስማቸው እባላለሁ» አለና ከዱባይ ያስመጣቸውን ሁለት ጥንድ ካምሻፍት፣ የሞተር ቫልቭ የሚከፍቱትን ዘንጎች፣ ከነካርቶናቸው ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ጋሼ ዋልልኝ፣ የትኛው ይሻለኛል?»

ዋልልኝ አገላበጣቸው። «ይኸኛው ከታች ጀምሮ ለሞተሩ ጉልበት ይሰጣል። ያኛው የውድድር ነው፤ ሞተሩ በደንብ ካልጮኸ አይነቃም። የደብረ ታቦር አየር ስስ ነው፤ ጭነህ ዳገት ብትወጣበት ያንቀዋል።»

«እንግዲያው የዳገቱን ይግጠሙልኝ። ከቆላ ሰው ይዤ እወጣለሁ፤ መንገድ ላይ መቆም የለም።»

«ማንን?»

«አንዲት ሴት ናት።» ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትጮህ ይሆናል። አባቷ ነገሩ ሳያልቅ እንዳይሰሙ ተብያለሁ።» ይህን ብሎ ዋልልኝን ዓይን ዓይኑን እያየ ፈገግ አለ።

የዋልልኝ ደም ፈላ። እህቱን ፈንታነሽን ጠላፊዎች ከወንዝ ስትመለስ እያስጮኹ ነበር የወሰዷት። አባታቸውም የሰሙት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ዋልልኝ ያኔ አለመድረሱ እስከዛሬ ያንገበግበዋል።

«ነገ ና፣ መኪናህን ውሰዳት» አለው።

ለምሳ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ጌጤ ገብስ ታምሳለች። የሰማውን ሊነግራት አሰበና ተወው።

«ምን ልትሠሪበት ነው?»

«ወንድ ልጅ ጓዳ ምን አገባው?»

ልጃቸው ኤሌኒ ካገባች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእብናት ልትመጣ ነው፤ ለእሷ ይሆናል ብሎ ወደ ምሳው ዞረ።

ለፖሊስ እንዳይናገር ማስረጃ የለውም። ቢቆጣው ደግሞ ልጁ ሌላ መካኒክ ይፈልጋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» አለና የውድድሩን ካም ገጠመ። የዳገቱን እንዳይታወቅበት በውድድሩ ካም ካርቶን አሸገው።

ስማቸው በማግስቱ መኪናዋን ሜዳ ሜዳውን ሞከራት። አገሳች።

«እጅዎ ይባረክ፣ ጋሼ!»

«አሜን» አለ ዋልልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ስልኩ ጠራ። ስማቸው ነበር፤ ከኋላው ሴት ትጮኻለች።

«ቆመችብህ?» አለ ዋልልኝ። ደስታውን መደበቅ አልቻለም።

«ጋሼ፣ ወሬ የበዛበት ምጥ ይጠናል ብለው እትዬ ጌጤ አስምለውኝ እንጂ ልነግርዎ ነበር፤ ይድረሱልኝ፣ ኤሌኒ በምጥ ዳገቱ ላይ ልትሞትብኝ ነው!»