እንቢተኛው ማውስ

ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ የቢሮውን ጠረጴዛዎች ከወለወለች ወዲህ የፋናዬ ማውስ አሻፈረኝ ብሏል። ባትሪ ቀየረችለት፣ በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው፣ እፍ አለችበት። ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ወይ ፍንክች! ሪፖርቱ ደግሞ እስከ ስድስት ሰዓት መላክ አለበት። ንድድ ቢላት ጠቅ ጠቅ ጠቅ አደረገችው።

ፊት ለፊቷ የሚቀመጠው ዝምተኛው ይልቃል ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ።

«በስመ አብ! ሳልነካው በራሱ ላከው!»

«ምኑን?»

ፊቱ በርበሬ መስሏል። ወዲያው የፋናዬ ኮምፒውተር ጢን አለ። አዲስ ኢሜይል፦

«ፋናዬ፣ ይህችን ለመላክ እጄ እንቢ ካለኝ ሦስት ዓመቴ ነው። ታገቢኛለሽ?»

ፋናዬ አንዴ ኢሜይሉን፣ አንዴ በእጇ ያለውን ማውስ አየች። ሳቋ ቢሮውን ሞላው።

«በል፣ ‹መልስ› የሚለውን ተጫንልኝ፤ የኔ ማውስ አንተ ጋ ነው።»