የተዘቀዘቀው ዣንጥላ

ዣንጥላችሁን ግድግዳ ላይ ስታስደግፉ እጀታውን ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች የምታደርጉት? አትሳቁ፤ መልሱልኝ። እኔ የማውቀው ሰው ሁሉ ወደ ላይ ነው የሚያደርገው። አሁን ከፊቴ ያለው ሰው ግን ከእጄ የተቀበለውን ዣንጥላ ዘቅዝቆ፣ እጀታውን መሬት አስነክቶ፣ ከበሩ አጠገብ እያስደገፈው ነው።

ያለነው የግጭት አፈታት ክፍል ውስጥ ነው። ከየአገሩ የተለቀምን ባለሙያዎች ነን፤ ዳኛ፣ ነርስ፣ ጋዜጠኛ፣ የፖሊስ መኮንን። ምግቡም መኝታውም ተችሎልን በነፃ እንማራለን፤ ስንጨርስ ወደየመጣንበት ተመልሰን ሰው እናስታርቃለን ተብሏል። የክፍሉ ሕግ በትልቁ ተጽፎ ተለጥፏል፦ «እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል።» ይህን ሕግ ያወጣው የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው መሆን አለበት ብዬ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተናግሬ ነበር። እንደ ቀልድ ተቆጠረልኝ።

የዛሬው ትምህርት የማስመሰል ልምምድ ነው። ነርሷ፣ ጋዜጠኛውና እኔ ለድርድር የተጠራን የአንድ ከተማ ሽማግሌዎች ነን። የመንግሥት ተወካይ ሆኖ የሚቀበለን አጎቴ ነው። አጎቴ የማናችንም አጎት አይደለም፤ ስሙን ያወጣለት ክፍሉ ነው። በዕድሜ ይበልጠናል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ ሲበርደን ካፖርቱን ያውሰናል። ከአንድ አገር የመጣነው እሱና እኔ ብቻ ነን። እኔ ጠበቃ ነኝ። እሱ በአገራችን ጦርነት ጊዜ «ስብሰባ አስተባባሪ» እንደነበረ ነግሮናል።

«ጠበቃዋ ሽማግሌ ሆነች!» አለ ልምምዱ ሲጀመር። «ልጄ፣ ጺሙን የት ረሳሽው?»

«ከእርስዎ እበደራለሁ፤ ለሁለት ይበቃል» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

የጋዜጠኛውን ረጅም ዣንጥላ ምርኩዝ አድርጌ፣ ጎበጥ ብዬ፣ እያሳለኝ ገባሁ። አረማመዱ የአባቴ ነው።

ልምምዱ የሚካሄደው በትምህርቱ ቋንቋ ነው። አጎቴ ግን እኔ ዘንድ ሲደርስ ወደ ሁለታችን ቋንቋ ገባ። ዣንጥላውን በሁለት እጁ ተቀበለኝና፣ «አባቴ፣ ምርኩዝዎን እዚህ ይተዉልን። በየተራ ነው የምናነጋግራችሁ፤ ሲመለሱ ያገኙታል» አለኝ። ሳያስበው ነው ያለው፤ ብዙ ጊዜ የተባለ ነገር ከአፍ እንደሚያመልጠው።

ከዚያ ዘቀዘቀው።

የአባቴን ምርኩዝ ያገኘነው እንደዚሁ ተዘቅዝቆ ነው። በዚያ ጦርነት የከተማችን ሽማግሌዎች ለእርቅ ተጠርተው ሄዱ፤ አዳራሹ ሲከፈት ሰው የለም። ያሉት ምርኩዞቻቸው ብቻ ናቸው፤ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ሁሉም እጀታቸው ወደ ታች ሆኖ። «ምን ዓይነት ሰው ነው ምርኩዝ እንዲህ የሚያስቀምጠው?» አለች እናቴ። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከቤታችን አልወጣም። ለክፍሉ የነገርኩት አባቴ ከእርቅ ስብሰባ እንዳልተመለሰ ነው። ስለ ምርኩዞቹ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

«ለምን ዘቀዘቁት?» እለዋለሁ።

«ምኑን፣ ልጄ?»

«ዣንጥላውን።»

ዞር ብሎ ያየዋል። «ኧረ እሱን ነው እንዴ! እንዲህ ሲሆን አይንሸራተትም። ሲደረደርም እየተገፋፋ አይወድቅም።»

«አንድ ዣንጥላ ምኑ ይደረደራል?»

እጁ ከዣንጥላው ላይ አልተነሳም። አስተማሪያችን ከኋላ ታጨበጭባለች። «ግሩም ነው! አያችሁ? በሁለት እጁ ነው የተቀበላት። አክብሮት ማለት ይህ ነው።» ክፍሉም ተከትሏት ያጨበጭባል።

በጭብጨባው መሀል አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ በዚያው በሁለታችን ቋንቋ ይጠይቀኛል። «እናትሽ ደህና ናቸው? አሁንም ብቻቸውን ናቸው አይደል፣ መንገድ ዳር ባለው ቤት?»

ቤታችን መንገድ ዳር መሆኑን እዚህ ለማንም አልነገርኩም። ፈገግ ብሏል። ድምፁም ያው «በረደሽ እንዴ፣ ልጄ?» እያለ ካፖርቱን ሲያለብሰኝ የነበረው ድምፅ ነው።

«ይህ ሰው አባቴ የት እንደገባ ያውቃል!» እላለሁ ጮክ ብዬ፣ በትምህርቱ ቋንቋ።

ጭብጨባው ቀጥ ይላል። አስተማሪዋ ፈጥና ትመጣለች። ስሜት ሲግል ባለጉዳዮቹን ከሰው ለይቶ ማነጋገር የሙያችን ወግ ነው፤ ያስተማረችንም እሷ ናት። ዣንጥላው አጠገብ ያለውን የጎን ክፍል በር ትከፍታለች። መስኮት የለውም፤ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ። «ሁለታችሁ ብቻችሁን፣ በእርጋታ» ትላለች። «የምትባባሉት እዚያው ይቀራል።»

ክፉ ሴት አይደለችም። ደሜን የሚያፈላውም ይህ ነው። ክፉዎች የሚዘጉትን በር የሚከፍቱላቸው ደጋጎች ናቸው።

አጎቴ በሩን ይዞ ቆሟል። በሌላው እጁ መንገዱን ያሳየኛል። «ግቢ፣ ልጄ። እንነጋገራለን።»

ወደ በሩ እሄዳለሁ፤ ፊቱ ላይ እፎይታ ሲመጣ አያለሁ። ዣንጥላውን አንስቼ አቃናዋለሁ፤ ተመልሼም ክፍሉ መሀል ተደግፌው እቆማለሁ። ከመጣሁ ጀምሮ አንቱ ስለው የኖርኩት ሰው ነው።

«አልገባም። አንተ ወደዚህ ና። ዳኛው ይስማ፣ ፖሊሱም ይስማ። የእናቴን ቤት እንደምታውቀውም ይስሙልኝ። አባቴን ምርኩዙን ተቀብለህ ካስገባኸው በኋላ የት ወሰድከው? እዚሁ ቆመህ፣ በሁሉም ፊት፣ ሁሉም በሚሰማው ቋንቋ መልስ!»