የበሩ ፎቶ

በየበሩ የተገጠመው ስክሪን የእንግዳን የእስር ፎቶ ለባለቤቱ ማሳየት ከጀመረ ወዲህ አቶ ደምመላሽ ሰው ቤት አይሄዱም፤ የጎረቤት ልቅሶ እንኳ የሚደርሱት በስልክ ነው። በወጣትነታቸው ሰርግ ላይ ተደባድበው ታስረው ነበር። ዛሬ ግን ለእህታቸው ልጅ ሽማግሌ ሆነው የወይዘሮ አልጋነሽን በር አንኳኩ።

«ይሄ ያበጠ ዓይን የእርስዎ ነው?» ሲሉ ወይዘሮዋ ከውስጥ ሳቁ። «ለዱርዬ ዘመድ ልጄን አልሰጥም!»

በዚያው ሳምንት የወጣው ሕግ ግን እነዚህን ፎቶዎች ለየበሩ የሚሸጠው ድርጅት የባለቤቱንም የእስር ፎቶ ለእንግዳው እንዲያሳይ ያዛል። በበሩ ስክሪን ላይ ወይዘሮ አልጋነሽ በወጣትነታቸው፣ ፀጉራቸው ተንጨባርሮ ብቅ አሉ፤ ከፎቶው ሥር «ትራፊክ ፖሊስ በጫማ በመምታት» ይላል።

አቶ ደምመላሽ በአክብሮት ጎንበስ ብለው፣ «እመቤቴ፣ ትራፊኩ ተረፈ?» ሲሉ ጠየቁ።

ሳቁ ቆመ። በሩ ተበረገደ።

«ኧረ ይግቡ!» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ ስክሪኑን በነጠላቸው እየሸፈኑ፣ «ልጄ ሳታየው!»