ያችው አንዲት ሰዓት

«ኧረ... እዚያው ጋ... አዎ!» ብሎ አቃሰተ ዳቦ ጋጋሪው፣ በደረቱ ተኝቶ ፊቱን ትራሱ ውስጥ እንደ ቀበረ።

ችግሩ፣ ሚስቱ ገና አልነካችውም። የቅባቱን ጠርሙስ ልትከፍት ዘወር ብላ ነበር፤ ሁለቱም እጆቿ ክዳኑ ላይ ናቸው።

«እዚያው ጋ የቱ ጋ ነው?» አለች።

«እ?»

«እጄን ገና አላሳረፍኩም እኮ።»

ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባል የለ? የእኛም ሰው ላመሉ አቃስቶ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ትራሱ ውስጥ እንዳለ ጆሮው ጋለ።

ይህ ሰው ለዓመታት ሌሊቱን ምድጃ ፊት ቆሞ፣ ቀኑን መጋረጃ ዘግቶ ተኝቶ የኖረ ነው። ቁርጥማቱ ከወገቡ ተነስቶ ወደ ጭኑ አጥንት ሲወርድ ጎረቤቱ እርጅና ነው አለ፤ የሥራ ጓደኞቹ ደግሞ ስንፍና ነው አሉ። ያመነችው ሚስቱ ብቻ ነበረች። ከልብስ መተኮሻ ቤት ውላ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ጠርሙሱን አንስታ ታሸዋለች። እሷ ስትገባ እሱ ሊወጣ ነው። ባልና ሚስት ሆነው የሚተያዩት በዚያችው አንዲት ሰዓት ነው።

እየጎተተች ሐኪም ቤት የወሰደችውም እሷው ናት። ሐኪሟ የደሙን ውጤት አይታ፣ «አባቴ፣ ከፀሐይ ጋር ተጣልተዋል እንዴ?» አለችው። ቫይታሚን ዲው ከመጠን በታች ወርዶ ነበር። በሳምንት አንዴ የሚዋጥ እንክብል አዘዘችለትና አስጠነቀቀችው፦ «ያነሰውን ይሞላል እንጂ ተአምር አይሠራም። ቶሎ ልዳን ብለው ደግሞ እንዳይደራርቡት።»

እውነትም ተአምር አልነበረም፤ ወራት ፈጀ። ግን አንድ ሌሊት ሊጡን ሲያነሳ ወገቡን መደገፍ ረሳ። ከዚያ ደረጃውን መሀል ላይ ሳያርፍ ወጣ። አሁን የቀረችው ሕመም ብርድ ሲሆን ብቅ የምትል ናት፤ እሷንም ለምዷታል። ፈጣሪንም ሐኪሟንም በልቡ ደጋግሞ አመስግኗል። ለሚስቱ ግን ትንፍሽ አላለም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተሻለህ?» አለች።

ዐይኑን በጨው አጥቦ ሊክድ ቃጣው። ከዚያ ተወው።

«ቆየት ብሏል።»

«ታዲያ ምን ቁርጥ አርጎህ ነው የምታቃስተው?»

«ዳንኩ ካልኩሽ ጠርሙሱን ታስቀምጪያለሽ» አለ፣ ለትራሱ እንደሚነግር። «ከዚያ አንቺ ወደ ጓዳ፣ እኔ ወደ ምድጃዬ። በምን እንገናኝ? በር ላይ በሰላምታ?»

ተቀየመች ብሎ አሰበ። ያችን ሰዓት በገዛ አፉ ያጠፋት መሰለው። ቀስ ብሎ ቀና ሲል ግን ሚስቱ አፏን በሻሿ ይዛ ትስቃለች፤ አልጋው ሳይቀር ይንቀጠቀጣል።

«አንተ ሽማግሌ፣ ሞኝህን ፈልግ! አንድ ማለዳ ወደ ሥራ ስሄድ የዱቄት ጆንያ በትከሻህ አድርገህ ከመኪና ስታወርድ በዐይኔ በብረቱ አይቼሃለሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! መንገድ ላይ ቆሜ ተመስገን አልኩ።»

«እያወቅሽ ነው ስታሺኝ የከረምሽው?»

«እኔስ በምን ላገኝህ?»

አሁን ሁለቱም ሳቁ፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጋጋሪው ተነስቶ ተቀመጠና እጇን ያዘ። «እድሜ ላንቺ» አለ። «ሁሉም ሲያሾፍብኝ አንቺ አመንሽኝ። እንክብሉ አጥንቴን ቢጠግንም፣ እስከዚያ ያቆየኝ ይሄ እጅ ነው።»

«በል በል፣ ሥራህ እንዳይረፍድብህ» ብላ ተነሳች፤ እንዲህ ያለ ወሬ ያሳፍራታል። ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ ልትመልስ ቀኝ እጇን ሰነዘረች። እጇ ከትከሻዋ ከፍ አላለም። ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ግራዋ አዛውራ አስቀመጠችው።

እሱ ግን አየ።

«ትከሻሽን ምን ነክቶት ነው?»

«ኧረ ምንም። ካውያው ነው። ቀኑን ሙሉ ሲገፉት...»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ፈገግ ብላ፣ «ቆየት ብሏል» አለች።

የጋጋሪው ሳቅ ከፊቱ ጠፋ። ስታሸው የኖረችው በዚያ እጅ ነው። እጁን ወደ እንክብሉ ብልቃጥ ሰደደ፤ ሚስቱ ቀድማ መዳፏን ጫነችበት።

«ተው! ያለ ምርመራ አይሆንም። ሐኪሟ ያለችውን ረሳኸው?»

«እንግዲያው ነገ እንቅልፍ የለም። እንደ ጎተትሽኝ እጎትትሻለሁ። አሁን ግን ተኚ።»

«እኔ? ሊጡስ?»

«ሊጥ ሲቆይ ነው ኩፍ የሚለው። ተኚ ብዬሻለሁ፣ የኔ እናት።»

እያጉረመረመች ተኛች። ጋጋሪው ጠርሙሱን አውርዶ አጠገቧ ተቀመጠና ቀሚሷን ከትከሻዋ ገለጥ አደረገ። ዕድሜውን ሙሉ ሊጥ ያሸ መዳፍ ሕመሙ ያለበትን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም። ከትከሻዋ አጥንት ሥር እንደ ድንጋይ የጠጠረ ቋጠሮ ነበር፤ የዛሬ አይደለም፣ የዓምናም አይደለም። ጋጋሪው ጎንበስ አለና፣ ቅባቱን ከማፍሰሱ በፊት፣ ሳመው።