ያልተከፈቱ ገጾች

ውይይቱ አብቅቶ ሰዉ ሲበተን፣ ደራሲው አንባቢዎቹ በየወንበሩ ትተዋቸው የሄዱትን የቤተ መጻሕፍቱን ቅጂዎች ይሰበስብ ጀመር። በሃይማኖተኞች ላይ የሚያሾፈውን ወጣ ያለ ልብ ወለዱን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያነሱት ሲጥሉት ነበር። አንዲት አስተማሪ «ከዳር እስከ ዳር እየሳቅሁ ጨረስኩት!» ስትል ልቡ ቅቤ ጠጥቶ፣ አንድ ጡረተኛ «እያንዳንዱን ገጽ አንብቤያለሁ፤ የሚገባው እሳት ነው!» ሲሉ ደግሞ ደሙ ፈልቶ ነበር።

አንዱን ቅጂ ገለጠ። ከሃያኛው ገጽ በኋላ ያሉት ወረቀቶች፣ ማተሚያ ቤቱ ጠርዛቸውን ሳይቆርጠው ስለቀረ፣ እርስ በርስ እንደተያያዙ ናቸው። ሌላውን አነሳ፤ ያው ነው። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም ያው። ያመሰገነውም የረገመውም አላነበበውም።

የቀረው አንድ ቅጂ፣ ሰባኪው አባቱ ጉሮሯቸውን እየጠራረጉ ተቀምጠውበት በነበረው የኋላ ወንበር ላይ ነበር። ገጾቹ አንድ በአንድ፣ በጥንቃቄ፣ በቢላ ተከፍተዋል። በገነት ደጅ እንኳ ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ ሳይጠራርግ መስበክ የማይጀምረው የልብ ወለዱ ሰባኪ፣ በረኛውን በስብከቱ እንቅልፍ የሚያስወስድበት ገጽ ላይ ሲደርስ፣ ደራሲው በገጹ ዳር የሚያውቀውን የእጅ ጽሑፍ አየ። በእርሳስ ነው የተጻፈው፦

«ልጄ፣ ይሄ እኔ ነኝ?»