የጓዳው መልእክት

እናትየው ከጠረጴዛው ሥር የሴት ልጇን ጉልበት ጨመቅ አደረገች። የፖሊስ መርማሪው የልጅቷን ስልክ ወደ ራሷ አዞረላት፤ «ቢላዋው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ነገ አልምረውም» የሚል የታላቅ ወንድሟ መልእክት ነበረበት። የተወጋው የክፍል ጓደኛው ገና ከሆስፒታል አልወጣም፤ ወንድሟ ግን «በጠብ መሐል ሳላስበው ነው የወጋሁት፤ ይህን የጻፍሁት በኢንተርኔት ጨዋታችን ፈረሰኛውን ሆኜ ነው» ብሎ ማቀዱን ሽምጥጥ አድርጎ ክዷል።

«ጨዋታ ነው በያቸውና እንሂድ» አለች እናትየው። «ከአንድ ማኅፀን እኮ ነው የወጣችሁት!»

«አውቃለሁ፣ እማዬ።» በተጫዋቾቹ ሕግ ንጉሥም ፈረሰኛም የሚኮነው «አደባባይ» በተባለው ገጽ ብቻ ነበር። ራሳቸውን ሆነው የሚያወጉበት ሌላው ገጽ «ጓዳ» ይባላል፤ በዚያ ማስመሰል ክልክል ነው። ልጅቷ ጣቷን ከመልእክቱ አናት «ጓዳ» የሚለው ስም ላይ አሳረፈች። «የጻፈው ጓዳ ውስጥ ነው። ጓዳ ውስጥ ደግሞ ማንም አይጫወትም።»

መርማሪው ብዕሩን አነሣ። እርሷ ግን ገና አልጨረሰችም፤ ጣቷን ቀስ ብላ ወደ ታች ሳበች። ከመልእክቱ ሥር ለመልስ የተላከች አንዲት ቢጫ ፊት ከት ብላ ትስቅ ነበር።

«ይህችን የላክሁት እኔ ነኝ» አለች። «የምሩን አልመሰለኝም ነበር። እሷንም ይጻፉልኝ።»