ሰባተኛው ኩርባ

ኢንጂነሩ አረንጓዴዋን ተለጣፊ ወረቀት የተራራው መንገድ ካርታ ላይ በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርጋት አዳራሹ አጨበጨበ።

«እዚህ ጋ፣ ሰባተኛው ኩርባ ላይ፣ ለብስክሌተኞች ማረፊያ እንሠራለን። አግዳሚ ወንበር፣ የውሃ ቧንቧ፣ ጥላ።»

ከኋላ የተቀመጠው የመንገድ ጥገና ሠራተኛ እጁን ከጭኑ ላይ አላነሳም። ከረባት! የጥገና ሰዎች ኢንጂነሩን በሌለበት እንዲህ ነው የሚጠሩት። ድሮ እሱና ኢንጂነሩ በአንድ ካሚዮን ተጭነው ናዳ ሲጠርጉ የኖሩ ናቸው። አንድ ሰው ለትምህርት ይላክ ሲባል አለቃቸው ሁለቱን አየና «ያኛው ጽሕፈቱ ያምራል» አለ። በቃ። በጽሕፈት! ያኛው ተማረ፣ ይሄኛው አካፋውን እንደጨበጠ ቀረ።

ይህስ ይሁን። ፊት ወንበር ላይ እጇ እስኪቀላ የምታጨበጭበው ግን የገዛ ልጁ ናት። ነርስ ናት፤ ተራራው አናት ላይ ወዳለው ክሊኒክ በየቀኑ በብስክሌት ትወጣለች።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! እዚያ ጋ ስደርስ እኮ ነው ነፍሴ የምትወጣው። መጀመሪያ የምቀመጥበት እኔ ነኝ!»

«ወንበሩ ላይ ስምሽን አስጽፍልሻለሁ፣ የኔ ልጅ።»

የኔ ልጅ አላት። እሷም ሳቀች፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ። ለአባቷ እንዲህ ስቃ አታውቅም፤ ለሱ «ደከመኝ አባዬ» ብቻ ነው።

«ከራሴ አላመጣሁትም» አለ ኢንጂነሩ። «የጥገና መዝገቡ ላይ ‹ሰባተኛው ኩርባ ሰፊ ነው፣ ድንጋይ አይወርድበትም› ተብሎ ተጽፏል።»

የጻፈው ማን ሆነና! እሱ ራሱ፣ በዚያ አያምርም በተባለው ጽሕፈቱ። ጭብጨባው ግን ለከረባት። ሠራተኛው በንዴት ካርታው ላይ አፈጠጠ። አፍጥጦም ቀረ። ወረቀቷ ያለችው ከተራራው ግርጌ አጠገብ ነው።

ጥገና ቤት ኩርባ የሚቆጠረው ከላይ ነው። ካሚዮኑ አናቱ ላይ ያወርዳቸዋል፣ እየጠረጉ ይወርዳሉ። ቢሮ ደግሞ ከታች ይቆጥራል። ከታች ሰባተኛው ባለፈው ክረምት በርሜል የሚያህል ድንጋይ በድጅኖ ገፍቶ ያነሳበት ቦታ ነው።

እሰይ! አለ በሆዱ። ዝም በል። ይሥራው። ሪባኑንም ይቁረጥ። ከዚያ ድንጋዩ ይመጣና «ማነው የፈረመው?» ይባላል። የዚያን ቀን የከረባትን ፊት ማየት ነው!

«መቼ ነው የሚያልቀው ጋሼ?» አለች ልጁ።

አባቷ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ።

«ከየት ነው የቆጠርከው?»

ሰው ሁሉ ዞረ።

«ምኑን?»

«ሰባተኛውን! ከላይ ነው ከታች?»

«ከታች ነዋ፣ ከ...» ኢንጂነሩ ወደ ካርታው ዞረ። «ከላይ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ከላይ ነበር የምንቆጥረው።»

«አንተ ምን ታስታውሳለህ፣ ከካሚዮኑ ከወረድክ ቆየህ! እዚያ ወንበርህ ላይ ሰው አይደለም የሚቀመጠው፣ ድንጋይ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኢንጂነሩም አብሮ ሳቀ፤ ወረቀቷን ላጥ አድርጎ፣ ከአናቱ ወደ ታች በጣቱ ቆጥሮ፣ ሰባተኛው ላይ ለጠፋት። ከዚያ ማይኩን አነሳ።

«አያችሁ? ሠራተኛው ይጠራ ብዬ ስሟገት የከረምኩት ለዚህ ነው።»

ጭብጨባው ጣራውን ነቀነቀው። ልጁ ተነስታ፣ ወደ ኋላ ዞራ ታጨበጭባለች። ኢንጂነሩ ግን እጁን ዘርግቶ በመካከላቸው እየመጣ ነው፤ ሰፊው ትከሻው ጋረዳት። ሠራተኛው የተዘረጋለትን እጅ ሳያይ ጨበጠ፣ አንገቱንም ወደ ግራ ወደ ቀኝ አሰገገ፣ የልጁ ዓይን ማን ላይ እንዳረፈ ለማየት።